«ሁሉም ጸሐፊዎች አንብበው ተስማምተዋል»

ሸኚ ደብዳቤ ለድኅረ ምረቃ ተማሪ ማንም የማያስተምረው፣ ነገር ግን እንደሚያውቀው የሚታሰብ ጽሑፍ ነው። የምርምር ዘዴ ኮርስ ስለ ናሙና አወሳሰድና ስለ መረጃ ትንተና በሰፊው ይዘረዝራል፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ኅዳግ በስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚተው እንኳ መመሪያ አለው። ጥናቱ አልቆ ወደ ጆርናል የሚላክበት ሌሊት ሲደርስ ግን ከማስረከቢያው ገጽ ግርጌ አንዲት ሣጥን ብቅ ትላለች፦ «ለአርታኢው የሚጻፍ ሸኚ ደብዳቤ እዚህ ያያይዙ»። ከዚያ ወዲያ ያለው የየራስ መላ ነው።

በመቱ ከተማ የምታስተምር አንዲት ወጣት ተመራማሪ ከዚህች ሣጥን ፊት የተቀመጠችው በ2016 ዓ.ም ሰኔ ውስጥ ነበር። ኢሉባቦርን የሚያውቅ ሰው የሰኔን ሌሊት እንዲገለጽለት አይፈልግም፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ መብራቱ ይሄዳል፣ ይመጣል፤ የተጫነው ፋይል ከግማሽ ላይ ይቆምና እንደገና «ሀ» ይባላል። ጽሑፏ በያዩና በሁሩሙ ወረዳዎች በሚገኙ ከፊል ጫካ የቡና ማሳዎች ላይ የተሠራ ነው። የያዩ የቡና ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ ከተመዘገበ ወዲህ ስለ አካባቢው ብዙ ተጽፏል። እሷ የያዘችው ጥያቄ ግን ጠበብ ያለ ነው። ዛሬ ለቡናው ጥላ የሚሰጡት ዋንዛ፣ ሳሳና ብሳና ሲያረጁ ተተኪያቸው የት አለ? ማሳው በየዓመቱ ከለቀማ በፊት ሲመነጠር ከአረሙ ጋር አብሮ የሚቆረጠው ወፍ ዘራሽ የዛፍ ችግኝ ምን ያህል ነው? ማሳ ለማሳ እየዞረች ቆጠረች፤ ከምንጣሮ ተርፎ ወደ ዛፍነት የሚያድገው እጅግ ጥቂት ሆኖ አገኘችው። ከኅዳር እስከ ጥር የተሰበሰበው መረጃ፣ ትንተናው፣ የመመረቂያ ጽሑፉ፣ ከዚያም የመመረቂያ ጽሑፉ ወደ ጆርናል ጽሑፍነት ማጠሩ፣ ሁሉም አልቋል። የቀረው አንድ ገጽ ነው።

የመጀመሪያው ረቂቅ በእንግሊዝኛ ቃላት የተጻፈ የአማርኛ ማመልከቻ ሆኖ ወጣ። በስተቀኝ ቀን፤ ቀጥሎ «ለ» ተብሎ የተቋሙ ስም፤ ከመሐል «ጉዳዩ፦ ጽሑፌ እንዲታተምልኝ ስለመጠየቅ»፣ ከሥሩም መስመር። ከዚያም ከላይ በተጠቀሰው ጉዳይ መሠረት አመልካቿ ወጣት መምህርት እንደሆነች፣ የምትሠራበት አካባቢ ከማዕከል የራቀ እንደሆነ፣ ቤተ ሙከራና ኢንተርኔት እንደልብ እንደማይገኝ፣ ለደረጃ ዕድገትም ኅትመት እንደሚያስፈልጋት ተዘረዘረ። መዝጊያው የታወቀው ነው፤ አርታኢው በመልካም ፈቃዳቸው ተመልክተው ይተባበሯት ዘንድ በታላቅ ትሕትና ተጠየቁ።

በዚህ የሚስቅ ካለ ቸኩሏል። ማመልከቻ የራሱ ሕግ ያለው፣ ረጅም ዕድሜ የኖረ የጽሑፍ ዓይነት ነው። በየፍርድ ቤቱና በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ጠረጴዛቸውን ዘርግተው የሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች ሕጉን ጠንቅቀው ያውቁታል፤ መጀመሪያ ችግር ይነገራል፣ ቀጥሎ ይጠየቃል፣ ተቀባዩም መስጠት የሚችል ባለሥልጣን ነውና ይከበራል። ተመራማሪዋ ለትምህርት ክፍል፣ ለመኖሪያ ቤት፣ ለጥናት ፈቃድ ስትጽፍ የኖረችው እንዲሁ ነው። ችግሩ ከተቀባዩ ላይ ነበር። የጆርናል አርታኢ ችግር ሰምቶ የሚፈቅደው ነገር የለውም። በእጁ ያለው ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይህ ጽሑፍ ለአንባቢዎቼ ምን ይጨምራል? የቀረበልኝስ በንጹሕ መንገድ ነውን?

በማግስቱ ረቂቁ የተላከላቸው አማካሪዋ ከአዲስ አበባ ደወሉ። ሰላምታቸውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርሱ፣ «በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ስለ አንቺ ብዙ አለ፤ ስለ ችግኙ ምንም የለም» አሏት። ከዚያም፣ መምህር ናቸውና፣ ወደ እንዶድ ሄዱ።

እ.ኤ.አ. በ1964 ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በአድዋ የቢልሃርዝያን ጉዳይ ሲያጠኑ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በውኃው ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። በሽታውን ወደ ሰው የሚያሸጋግሩት እነዚሁ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። የመጀመሪያው አጭር ዘገባ በማግስቱ ዓመት በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ወጣ። ከዚያ የተከተለው ሥራ ዓሥርት ዓመታት የፈጀ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት አስገኝቷል። አማካሪው የፈለጉት ግን ሽልማቱን አልነበረም። «ነገሩን እስቲ ተመልከቺው» አሉ፤ «ሴቶቹ በእንዶድ ካጠቡበት በታች ቀንድ አውጣው ሞቶ ይገኛል። አለቀ። ይህን የሰማ አርታኢ ቀጣዩን ገጽ ሳይገልጥ ያድራል? አንቺም የራስሽን እንዲህ በአንድ ትንፋሽ ንገሪኝ።»

በአንድ ትንፋሽ መናገር ከሁለት ዓመት ጥናት ይልቅ አታካች ሆነ። ሁለተኛው ረቂቅ የተከፈተው «ቡና የኢትዮጵያ ምጣኔ ሀብት የጀርባ አጥንት ነው» በሚለው ነበር። ስለ ቡና የሚጻፍ ጽሑፍ ሁሉ እንደ ዳዊት ደጋሚ ከዚሁ ይጀምራልና ስለ ቡና ጽሑፍ የሚቀበል አርታኢ ይህን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳነበበው መገመት አያስቸግርም። ሦስተኛው ረቂቅ የአኅጽሮተ ጥናቱ ግልባጭ ነበር፤ አርታኢው ሁለቱንም ጎን ለጎን ከፍቶ እንደሚያይ ተዘንግቶ። በአራተኛው ላይ እንዲህ የሚል ተገኘ፦ «በያዩና በሁሩሙ ከፊል ጫካ የቡና ማሳዎች የሚካሄደው ዓመታዊ ምንጣሮ የጥላ ዛፎችን ተተኪ ትውልድ እያጠፋ ነው፤ ምክንያቱም አርሶ አደሮቹ ስለ ችግኞቹ ጥቅም በቂ ግንዛቤ የላቸውም።» አማካሪው የመጀመሪያውን አጋማሽ ወደዱት። ስለ ሁለተኛው አጋማሽ ዝም አሉ፤ እሷም ዝምታቸውን እንደ መስማማት ቆጠረችው።

ሸኚ ደብዳቤ ዛሬ ትርፍ ወረቀት የሚመስላቸው ጥቂት አይደሉም፤ አንዳንድ ጆርናሎችም አይጠይቁትም። አመጣጡ ግን ሌላ ነው። ሄንሪ ኦልደንበርግ እ.ኤ.አ. በ1665 በለንደን የሮያል ሶሳይቲን የፍልስፍና ክንዋኔዎች መጽሔት ማሳተም ሲጀምር፣ ካወጣቸው ጽሑፎች ብዙዎቹ ከየአገሩ የተላኩለት ደብዳቤዎች ነበሩ። ጥናቱና ደብዳቤው አንድ ነበር ማለት ነው። በኋላ ጥናቱ የራሱን ቅርጽ ያዘ፤ መግቢያ፣ ዘዴ፣ ውጤት እያለ ተናጋሪውን ከገጹ አስወጣ። በደብዳቤው ላይ የቀረው ጥናቱ ሊናገረው የማይችለው ነው፤ ማን እንደሚናገር፣ ለማን እንደሚናገር፣ ቃሉም በማን ላይ እንደሚጸና።

ማን ከየት እንደሚናገር መጻፍ በኢሉባቦር ቀላል አይደለም። የመቱ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ አንዱ «ተ»ን ነጠላ ያደርጋል፣ ሌላው ያጠብቃል፣ በቁቤ የሚጽፈው ደግሞ አናባቢውን ይለውጣል። ዞኑ በቆየ ጽሑፍ ኢሉባቦር፣ በአዲሱ ኢሉ አባ ቦር ነው፤ በደሌ ደግሞ የቡኖ በደሌ ዞን መቀመጫ ከሆነች ወዲህ በድሮ ጽሑፍ «ኢሉባቦር፣ በደሌ» የተባለ ቦታ በዛሬ ካርታ ሌላ ዞን ውስጥ ይገኛል። የተመራማሪዋ ደብዳቤ መቱን በአንድ ዓይነት፣ የጽሑፉ የመጀመሪያ ገጽ በሌላ፣ ካርታው በሦስተኛ ዓይነት ጽፏት ነበር። ይህን የሚያየው ባዕድ አርታኢ ሦስት ከተሞች ያሉ ቢመስለው አይፈረድበትም።

ከስሙ የባሰው ዘመኑ ነው። የመስክ መዝገቧ ላይ «ኅዳር 2015» ተብሎ ሰፍሯል። ሠንጠረዡ ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር ወሩ ተለውጦ ዓመቱ እንዳለ ቀረ፤ ኅዳር ኖቬምበር ሆነ፣ 2015ም 2015 ሆኖ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2022 የተቆጠረ ችግኝ በዚህ መንገድ ሰባት ዓመት አረጀ። በደብዳቤው ውስጥ «በቅርቡ የተሰበሰበ መረጃ» የሚል ሐረግ ነበርና አርታኢው ሁለቱን ቢያስተያይ ከስሕተት ይልቅ ማታለል ሊመስለው ይችል ነበር። እንዲህ ያለው ጥፋት በአገራችን ጽሑፎች ውስጥ ከሚታሰበው በላይ አለ፤ ገምጋሚም «መረጃው አርጅቷል» ብሎ ሲመልሰው ጸሐፊው የተበደለ ይመስለዋል። እሷ ያገኘችው በአጋጣሚ ነው፤ ደብዳቤው ላይ ቀን ልትጽፍ ስትል የትኛውን ዘመን እንደምትጽፍ አመነታች።

አንድ አሳፋሪ ትዝታም ነበራት። ከዚያ በፊት የላከችው ሌላ አጭር ጽሑፍ በሁለት ቀን ውስጥ ተመልሶላታል፤ ከባልደረባ በተገኘ ቅጂ ላይ የተሠራው ደብዳቤ የሌላ ጆርናል ስም ተሸክሞ ሄዶ ነበር። መልሱ አጭርና ጨዋ ነበር። ስለዚህ አሁን የአርታኢውን ስም ከጆርናሉ ገጽ ላይ ፈልጋ፣ በቅርብ ካወጣቸው ጽሑፎች ውስጥ ስለ ጥምር ደንና ስለ ጥላ ዛፍ የሚናገሩትን አንብባ፣ ጥናቷ ከእነሱ የት ላይ እንደሚገናኝ በሁለት መስመር ጻፈች። የኅትመት ክፍያ ይቀነስልኝ የሚለውን ጥያቄ አወጣችው፤ ለዚያ ሌላ ቅጽ አለ፤ ጽሑፉን የሚመዝነው ሰው የጸሐፊውን ኪስ ማወቅ አይገባውም።

ከዚያ ማረጋገጫዎቹ ቀጠሉ። «ይህ ጽሑፍ ቀደም ሲል አልታተመም፤ በሌላ ጆርናልም በግምገማ ላይ አይደለም» የሚለው ቃል ዛሬ ሁሉም የሚገለብጠው ነው። የኒው ኢንግላንድ የሕክምና ጆርናል አርታኢ የነበሩት ፍራንዝ ኢንገልፊንገር እ.ኤ.አ. በ1969 ሌላ ቦታ የወጣን ጽሑፍ እንደማይቀበሉ ካስታወቁ ወዲህ ደንቡ በስማቸው ይጠራል። ለተመራማሪዋ ይህ ቀላል ነበር፤ ጥናቱ ከመመረቂያ ጽሑፏ የተወሰደ መሆኑንና የመመረቂያ ጽሑፉም በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት እንደሚገኝ ገልጻ አለፈችው። መደበቁ እንጂ መናገሩ አይጎዳም።

ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር አጭር ነበር፦ «ሁሉም ጸሐፊዎች የመጨረሻውን ጽሑፍ አንብበው ተስማምተዋል።» ጻፈችው፤ ነጥቡንም አስቀመጠች። ከዚያ እጇ ቆመ።

ጸሐፊዎቹ ሦስት ናቸው፤ እሷ፣ አማካሪዋና አንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ። ሰውየው ያዩን እንደ እጃቸው መዳፍ ያውቋታል። የናሙና ማሳዎቹን አብረው የመረጡት፣ ከአርሶ አደሮቹ ጋር በአፋን ኦሮሞ ያወያዩት፣ በዝናብ ውስጥ ቅጹን በጃኬታቸው ሸፍነው የሞሉት እሳቸው ናቸው። በኋላ ወደ ጎሬ ተዛውረዋል። ስማቸው በሦስተኛነት የገባው በውለታ ነበር፤ ጽሑፉን አላዩትም። የሕክምና ጆርናሎች አርታኢዎች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በቫንኩቨር ከተደረገው ስብሰባ የተነሣው ማለት ነው፣ ዛሬ ከሕክምና ውጭም ብዙ ጆርናሎች የሚከተሉት መመዘኛ አለው። ጸሐፊ የሚባል ሰው በሥራው ጉልህ ድርሻ ሊኖረው፣ በመጻፍ ወይም በማረም ሊሳተፍ፣ የመጨረሻውን ቅጂ ሊያጸድቅ ይገባል፤ ለሥራው ሁሉ ተጠያቂ መሆንም እ.ኤ.አ. በ2013 በአራተኛነት ታክሏል። አራቱም ይፈለጋሉ። መረጃ መሰብሰብ ብቻውን ሰውን ወደ ምስጋናው ገጽ ይወስደዋል፤ ውለታ ደግሞ ከአራቱ አንዱም አይደለም።

ሁለት መንገድ ነበራት፤ ስማቸውን ወደ ምስጋናው ማውረድ፣ ወይም ማስነበብ። በስልክ «ተስማምተዋል?» ብላ «አዎ» ማሰኘት ሦስተኛው መንገድ ነው፤ የተለመደውም እሱ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጽሑፉን አሳትማ ከመቱ መናኸሪያ ወደ ጎሬ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረች።

ጎሬ ከመቱ ብዙም አትርቅም። መቱ የክፍለ ሀገሩ መቀመጫ ከመሆኗ በፊት ዋና ከተማዋ እሷ ነበረች፤ ቡና በጋምቤላና በባሮ ወንዝ በኩል ወደ ሱዳን ይወርድ በነበረበት ዘመን የእንግሊዝ ቆንስላ ነበረባት፤ በ1928 ዓ.ም ጠላት አዲስ አበባን ሲይዝ በራስ እምሩ የሚመራው ጊዜያዊ መንግሥት የተቀመጠው በዚህችው ከተማ ነው። ከጎሬ ወደ ውጭ ዓለም ደብዳቤ መላክ አዲስ ነገር አይደለም። ዛሬ ከጭጋጉ ውስጥ ቀስ ብላ የምትገለጥ ዝምተኛ ከተማ ናት።

ሰውየው በአንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀብለዋት መነጽራቸውን አውጥተው ማንበብ ጀመሩ። እንግሊዝኛው አስቸገራቸው፤ ባስቸገራቸው ቦታ እሷ በአፋን ኦሮሞ ትነግራቸዋለች። ዘዴው ላይ አንድ የቀበሌ ስም አረሙ። ውጤቱን ራሳቸውን እየነቀነቁ አለፉት። ማጠቃለያው ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ።

«ይህ ‹የግንዛቤ እጥረት› የምትይው የማን ነው?»

«የአርሶ አደሮቹ፣ ጋሼ።»

«የትኛው አርሶ አደር ነው ዋንዛን የማያውቀው?» መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ባለማሳው ሲመነጥር አይተሻል? ጎንበስ ብሎ በእጁ ለይቶ ነው የሚያልፈው። ጉዳቱ ያለው በኮንትራት በሚመነጠረው ላይ ነው። የቀን ሠራተኛ የሚከፈለው በማሳው ስፋት ነው፤ ቶሎ ጨርሶ ሌላ ቦታ መድረስ አለበት። ችግኝ ከአረም ሲለይ ቢውል ማን ይከፍለዋል? እኔ ምርመራው ላይ ጽፌልሽ ነበር እኮ።»

ምርመራ! በየቅጹ የመጨረሻ ዓምድ ላይ የሚቀመጠው፣ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ የሚቀረው። እሳቸው በእያንዳንዱ ማሳ ፊት «ቤተሰብ» ወይም «ኮንትራት» ብለው በእስክሪብቶ አስፍረውበታል። መረጃው ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ቁጥር ያልሆነው ሁሉ ተትቷልና ያ ዓምድ በትንተናው ውስጥ አልነበረም። «የግንዛቤ እጥረት» የሚለውም ከመረጃ የወጣ አልነበረም፤ ከሌሎች ጽሑፎች ማጠቃለያ የተወረሰ ነው። ሌላ ምክንያት ያልተገኘለት ነገር ሁሉ በአገራችን ጥናቶች ውስጥ ይህ ስም ይሰጠዋል። በሰውየው ዘንድ ግን ለሠላሳ ዓመት አብረዋቸው በኖሩ ሰዎች ላይ የተጻፈ ክስ ነበር፤ ስማቸውም ከሥሩ ሊፈረም ነው።

ጽሑፉ በዚያ ሰሞን አልተላከም። ተመራማሪዋ ወደ መቱ ተመልሳ በካርቶን የታሰሩትን ቅጾች ፈታች፤ የእርጥበት ሽታ አላቸው፣ አንዳንዱ ገጽ ተጣብቋል። ዓምዱን ማሳ በማሳ አስገብታ ትንተናውን ደገመችው። ነገሩ ሰውየው እንዳሉት ሆኖ ተገኘ፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። በኮንትራት የተመነጠሩት ማሳዎች ላይ የተረፈው ችግኝ በግልጽ ያነሰ ነው፤ ሆኖም ጥላው በበዛባቸው አንዳንድ ማሳዎች ባለቤቱ ራሱ፣ አውቆና አስቦ፣ ችግኙን ያስወግዳል። ይህንን በስልክ ስትነግራቸው «እሱም አለ» አሉ፣ ብዙም ሳይደነቁ።

በመጨረሻ የተላከው ደብዳቤ አንድ ገጽ አልሞላም። አርታኢውን በስማቸው ይጠራል፤ ርእሱንና የጽሑፉን ዓይነት ይናገራል። የአራተኛው ረቂቅ ዓረፍተ ነገር ሁለተኛ አጋማሽ ተቆርጦ በቦታው ሌላ ገብቷል፦ «የተተኪ ችግኞች መጥፋት ከባለማሳው ዕውቀት ይልቅ ምንጣሮው ከሚሠራበትና ከሚከፈልበት መንገድ ጋር ይዛመዳል።» መረጃው የተሰበሰበበት ጊዜ በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር ተጽፏል። መቱም በሁሉም ገጽ ላይ አንድ ዓይነት ሆናለች። ማረጋገጫዎቹ ከበፊቱ በአንድም ቃል አልተለወጡም፤ ያቺ አጭር ዓረፍተ ነገርም በነበረችበት አለች።

ከተላከ ከሦስት ቀን በኋላ የጎሬው ሰው ደወሉ። ጆርናሉ ለጸሐፊዎቹ ሁሉ በየስማቸው መልእክት ይልካል፤ ለእሳቸውም ደርሷቸው በሰፈራቸው ልጅ አስነብበውታል።

«‹የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ እርስዎ ነዎት ወይ?› ይለኛል» አሉ። «ምን ልበለው?»

«አንብበውታል አይደለም?»

«ሁለት ጊዜ። የላክሽልኝን አዲሱንም።»

«እንግዲያው ነኝ ይበሉት።»

በስልኩ ውስጥ ልጁን «ነኝ የሚለውን ተጫንልኝ» ሲሉት ተሰማ።